ዋልካ ላይ የተነጠፈ ሳር

ግንቦት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ

የሱቁ ቁልፍ ዛሬ ጠዋት ከእጄ አምልጦ ግቢያችን ውስጥ ካለ ስንጥቅ ገባ። በሽቦ ፈለግኩት። ሽቦው እስከ ክርኔ ገብቶም ታቹን አልነካም። ትርፍ ቁልፍ ስላለኝ ተውኩት፤ ግን ቀኑን ሙሉ ደሴ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ስለዚያ ቁልፍ ሳስብ ዋልኩ። የዚህ ቤት አፈር ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ በበጋ አፉን የሚከፍት፣ በክረምት የሚያብጥ። ደሴ ሳለን መሬት የሚረገጥ ነገር እንጂ ዕቃ የሚውጥ ነገር አይመስለኝም ነበር።

አባባ በጥር ወደዚህ ካመጣኋቸው ወዲህ ግቢ ወርደው አያውቁም። ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያው አሥራ አራት እርምጃ ነው። ሄደው ይመለሳሉ፣ ይኸው ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ጉልበታቸውን ጫን ጫን አድርጋ አየችና በረንዳው ላይ ለብቻዬ፣ "ሐጂ በየቀኑ ካልተራመዱ እግራቸው መራመድ ይተዋል። ክረምቱን እንዲህ ከተቀመጡ ከዚያ በኋላ አይነሡም" አለችኝ።

ገብቼ ለመንኳቸው።

"የት ልሂድ? ስንጥቅ ላይ?" አሉ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት ሆነው፤ የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። "እግሬ ያያል ሀምዲን። ይህን መሬት አልወደደውም። የደሴውን ሳር ስጠኝና እስከ ኬላው እሄድልሃለሁ።"

ከዚያ እንደ ወትሮው፦

"መንገዱስ የት ደረሰ?"

"እየቆፈሩ ነው አባባ።"

የደሴው ቤታችን ለመንገድ ማስፋፊያ ተፈለገ ብዬ ነው ያመጣኋቸው። ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ አልጽፍም።

ግንቦት 16

ቅዳሜ። ልጅ ሳለን ቅዳሜ የምንጣፍ ቀን ነበር። አባባ ፒያሳ ካለው ሱቅ የከረሙ ምንጣፎችን በሸክም አስመጥተው ግቢያችን ሳር ላይ ያስነጥፋሉ፤ እኔና እህቴ ረሂማ በልምጭ አቧራቸውን እናራግፋለን። ከአሰብ በጭነት መኪና የመጡ ስለነበሩ አቧራቸው ጨው ጨው ይል ነበር። ረሂማ ምላሷን አውጥታ ትቀምስና፣ "ባሕር በላሁ!" ትላለች። ከዚያ ቀዩ ላይ እሷ፣ ሰማያዊው ላይ እኔ ተጋድመን የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ እናያለን። ጉሙ የኮካችን ዛፍ ጋ ሲደርስ አባባ፣ "በቃ አንሡት፣ ሳሩም ይተንፍስ" ይላሉ። ምንጣፉ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ሳር በአራት ማዕዘን ተኝቶ ይቆያል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ቦታ ላይ ነው የምናነጥፈው። አንድን ቦታ ሁለቴ ማልበስ ክልክል ነበር።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረን። ከቤታችን ለመንገድ የሚነሣ ሰው በሩ ጋ ይቆማል። አባባ ጎንበስ ብለው ሰርዶ ይነቅሉና ቀኝ መዳፉ ላይ አድርገው ጣቶቹን ይዘጉለታል። ከየመን የመጣው ቅድመ አያቴ ይዞት የመጣው አይደለም፤ ከወሎዋ ሚስቱ ነው የተማረው ይባላል። ሰርዶ ቢረገጥም ቢቃጠልም ተመልሶ ይበቅላል፤ አንተም ተመለስ ማለት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተፈተንኩት ግራ እጄን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ፣ ሰርዶውን ከብዕሩ ጋር በቀኜ ጨብጬ ነው።

ረሂማ ዛሬ አባባን ልታይ ከደሴ መጥታ ነበር። ከጥር ወዲህ እጇን አትሰጠኝም። "እንዴት ነህ" ትልና እጇን ከሻሿ ሥር ታስገባለች።

ግንቦት 20

ሱቁ ጥግ የቆመውን ጥቅል ሳየው መልሱ እዚያው ነበር። የፕላስቲክ ሳር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከምንጣፉ ይልቅ የሚፈለገው እሱ ነው። እኔው ራሴ ደሴ ውስጥ ስንት ካፌ በረንዳ ላይ አንጥፌዋለሁ። ሁሉም ሲሚንቶ ነበር። አፈር ላይ አንጥፌ አላውቅም፤ ግን ሳሩ ምንጣፍ ነው፣ ምንጣፍ ደግሞ ከአባቴ የወረስኩት ሙያ ነው አልኩ።

ቆፋሪ አመጣሁ። ሞላልኝ ይባላል፤ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ነው፤ በበጋ ከተማ ወርዶ ቁፋሮ ይይዛል። አንድ ጓል አነሣ፣ በጣቶቹ ሊፈረፍር ሞከረ፣ አልፈረፈረለትም።

"ጋሽ ሀምዲን፣ ይህን ሁለት ክንድ ቆርጠን እናውጣው። በቦታው ገረጋንቲ እንሙላና እንጠቅጥቀው። ውሃው የሚወጣበት ቦይ እናብጅለት። ከዚያ የፈለግከውን አንጥፍ።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ወር ቢሉህ ነው።"

"ረመዳን ሳይገባ አባቴ መራመድ አለባቸው። አንድ ስንዝር ይበቃል።"

"ስንዝር!" ሳቀብኝ። "አፉን ከፍቶ ስታየው የሞተ መሰለህ አይደል? ተርቦ ነው እኮ። ውሃ ሲጠግብ ይነሣል። ሲነሣ ቤት ያነሣል፣ እንኳን ያንተን ጨርቅ።"

"ጨርቅ አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"ሳር ነው" አልኩት።

ማታ አባባ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ዋልካውን ቆርጠው እያወጡ ነው አልኳቸው።

"ስንት ክንድ?"

"ሁለት።"

"ደግ። ዋልካ የናቀ መንገድ አንድ ክረምት አይሻገርም።"

ሰኔ 4

ስንዝር ተቆፈረ። ገረጋንቲ አንድ መኪና ብቻ መጣ። የቀረውን ስንጥቅ በአሸዋ ደፈንነው። ቁልፉ አልተገኘም። ሞላልኝ፣ "ቦዩስ?" አለኝ። በኋላ አልኩት። "በኋላማ ዝናብ ነው" አለ። ፕላስቲኩን ያጣበቅኩበት ማስቲሽ ጣቶቼ ላይ ደርቋል፤ ብዕሩ ከእጄ አልላቀቅ ይላል።

ሰኔ 11

ወጡ!

በባዶ እግራቸው፣ ቀኝ እጃቸው ትከሻዬ ላይ። የመጀመሪያውን እርምጃ ሲያወርዱ እግራቸውን አየሁ። የእግራቸው ጣቶች ተከፈቱ፣ ተጨበጡ፣ እንደገና ተከፈቱ። ዘጠኝ እርምጃ። ከበረንዳው እስከ ግቢው ግንብ ሃያ ሁለት ነው፤ ትናንት ለክቼዋለሁ።

"ምን ሳር ነው?"

"ሰርዶ።"

"በዚህች ጊዜ በቀለ?"

"ዘርተን አይደለም። ተቆርጦ የመጣ ነው፤ ያነጠፍነው።" ይህ እንኳ ከሞላ ጎደል እውነት ነው።

ትንሽ ቆመው፣ "ጤዛ የለውም" አሉ። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር።

"ኮምቦልቻ ሙቀት ነው አባባ። ቶሎ ይደርቃል።"

"እውነትህን ነው" አሉና ትከሻዬን ጫን አደረጉት።

ሰኔ 14

ሦስተኛ ቀኔ ነው። ከሱብሒ አዛን በፊት ተነሥቼ ከባልዲ በማጠጫ እየቀዳሁ ሳሩን እረጫለሁ። ቀስ ብዬ፣ የባልዲው እጀታ እንዳይጮህ በጨርቅ ጠቅልዬ። ብርዱ ጉንፋን አስይዞኛል። የመጀመሪያ ቀን አባባ እግራቸውን አሳርፈው፣ "ዛሬስ ጤዛ አለው" አሉ። አሥራ አምስት እርምጃ ሄዱ።

ዛሬ ግን እትዬ ሰርካዲስ ያዘችኝ። የጓሮ ክፍላችንን የተከራየች፣ ከጨርቃ ጨርቅ ጡረታ የወጣች ጎረቤቴ ናት፤ ቀን እኔ ደሴ ስውል አባባን የምታይልኝ እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያን ልትስም ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ማጠጫውን ይዤ አገኘችኝ።

"ምነው ሀምዲን? ፕላስቲኩ እንዲያብብ ነው?"

"ቀስ በይ እትዬ፣ ይሰማሉ።"

"እሳቸውማ..." አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ትስቅ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ምን ልትል እንደነበር አልጠየቅኋትም።

ሰኔ 20

ወደ ሱቅ ልሄድ ስነሣ አባባ እስከ ግንቡ ተከተሉኝ። ሃያ ሁለት። ከዚያ፣ "ቁም" አሉና ጎንበስ አሉ።

ከጥር ወዲህ እንዲህ አድርገው አያውቁም። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ የገባኝ ጣቶቻቸው ሳሩን ሲይዙ ነው። ሳቡ። አልመጣም። ደግመው ሳቡ። ፕላስቲኩ ተስቦ ተመለሰ።

ቀና አሉ። የጨበጠ እጃቸውን መዳፌ ላይ አሳርፈው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘጉልኝ። "በደህና ተመለስ።"

"አሚን" አልኩ።

ሐረጎ ዳገት ላይ ሚኒባሱ ውስጥ መዳፌን ከፈትኩት። ምንም የለም። ጣቶቻቸው ደካማ ስለሆኑ ወድቆባቸው ይሆናል። ማለቴ፣ የነቀሉት የመሰላቸው።

ሰኔ 26

ረመዳን ስድስት። በረንዳው ላይ አፈጠርን። ቴምሩን ነክሰው፣ "መንገዱስ?" አሉ። ገረጋንቲ እየተሞላ ነው አልኩ። "ይጠቅጥቁት። ያልተጠቀጠቀ ነገር ክረምት ይናገራል።"

ዛሬ ቀትር ላይ በድሮው ግቢያችን በር አልፌ ነበር። የኮኩን ዛፍ ጥለውታል። ቅርንጫፉ ላይ ፍሬ ነበረው፣ ገና ያልበሰለ። አንዱን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩና ሱቅ ስደርስ ጣልኩት። ለአባባ አልነገርኳቸውም። ቢነገራቸው ምን ይጨምርላቸዋል?

ሐምሌ 7

ዘነበ። ሌሊቱን በሙሉ። ጠዋት ጤዛ መሥራት አላስፈለገኝም።

ሐምሌ 12

ግንቡ አጠገብ እብጠት አለ። በእግሬ ረገጥኩት፣ በሌላ በኩል ወጣ።

ሐምሌ 15

ሦስት እብጠት። ከሥሩ ከብት የተኛ ይመስላል። ውሃው መውጫ አጥቶ በፕላስቲኩ መጋጠሚያ፣ በስፌቱ ይገፋል፤ ማስቲሹ እየለቀቀ ነው። ድንጋይ ጫንኩበት። ሞላልኝ ጋ ደወልኩ፦ "አብሽር ጋሽ ሀምዲን፣ ያልኩህ ነው የሆነው። አሁን ግን ማረስ ላይ ነኝ። እርጥብ ዋልካ ደግሞ አካፋ አይለቅም። እስኪያባራ ጠብቅ።"

ያን ሁሉ ቀን ያጠጣሁት እኔው ነኝ። ዝናቡ ሳይመጣ ማብላት ጀምሬለታለሁ።

ሐምሌ 21

ኢድ። ረሂማ መጣች። ልብሷ ላይ የደሴ ብርድ ነበር። አባባ በእብጠቶቹ መሃል እግራቸውን እየፈለጉ ሲራመዱ በረንዳው ላይ ቆማ አየች። ሲገቡ ጠብቃ፣ "ቤቱን መሸጥህ አይደለም ያመመኝ። በሌለ መንገድ እያስኬድካቸው ነው" አለችኝ። ለኢድ እንኳ እጇን አልሰጠችኝም።

ሐምሌ 26

ሱቅ ሆኜ እትዬ ሰርካዲስ ደወለች። ወድቀዋል። እንዴት ሐረጎን እንደወረድኩ አላስታውስም።

አልተሰበሩም። የቀኝ እጃቸው አንጓ አብጧል፤ ወጌሻው አሽቶ አሰረው። ስፌቱ የተከፈተበት ቦታ ላይ ነው እግራቸውን የያዛቸው።

"ላነሣቸው ስሮጥ 'ቆይ ሰርካዲስ' አሉኝ" አለች። "ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው ስፌቱን በጣታቸው ይዳብሳሉ። 'አንድ ነገር አገኘሁ' አሉኝ።"

"ምን አገኙ?"

"እኔ እንጃ። እጃቸውን ጨብጠው ነው ያስገባኋቸው።"

ጠየቅኳቸው። "ጭቃ ነው" አሉ። ስለ መንገዱ አልጠየቁኝም።

ነሐሴ 4

ከአልጋ አልወረዱም። ዘጠኝ ቀን። መታጠቢያውም በእኔ ትከሻ ሆኗል። የነርሷ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ።

ዛሬ ከሱቅ ቀደም ብዬ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ የረሂማ ድምፅ ይሰማል።

"እስከ መቼ ዝም ይሉታል አባባ?"

"እስኪደክመው።"

"ፕላስቲክ ላይ እያስኬደዎት?"

"ሞኝ ነሽ። ማለዳ ተነሥቶ ጤዛ ሲሠራልኝ እሰማ ነበር። ባልዲውን ጨርቅ አልብሶታል፣ ጉንፋኑን ግን ምን ያልብሰው? ስንቱ አባት ነው ልጁ ጤዛ የሚሠራለት?"

እስከ ውጭው በር ተመልሼ፣ በሩን ድምፅ አሰምቼ ከፈትኩና እንደገና ገባሁ።

የሰሙት ስለ ሳሩ ነው። ስለ ቤቱ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ነሐሴ 19

አንሶላቸውን ስቀይር ከትራሳቸው ሥር የደረቀ ሳር አገኘሁ። አንድ ዘንግ ብቻ፣ እውነተኛ ሰርዶ፣ ከነአንጓው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወጥቼ ስፌቱን አየሁ። በተከፈተው መሃል በቅሏል። ከግንቡ ጥግ ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል፣ ፕላስቲኩን ወደ ጎን ገፍቶ። ሁለቱ አረንጓዴዎች አይመሳሰሉም። እንዴት እስከዛሬ ይመሳሰላሉ እንዳልኩ አላውቅም።

አሁንም ስለ መንገዱ አይጠይቁኝም። ከደሴ ስመለስ መልሱን መንገድ ላይ አዘጋጅ ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ተነጠፈ ልል ነበር። አልጠየቁኝም። ጥያቄያቸው ናፈቀኝ።

ጳጉሜ 3

አባራ። ሞላልኝ ከነወንድሙ መጣ። ፕላስቲኩን ጠቅልለን ግንቡ ላይ አቆምነው። ሁለት ክንድ። አካፋውን እየፋቁ። ጥቁሩ እንደ ሊጥ ይሳባል። "ከግንቡ ጥግ ያለውን አትንኩ" አልኳቸው። ሞላልኝ ሰርዶውን አየ፣ እኔን አየ። "አሁን ገባህ" አለ።

መስከረም 8

ገረጋንቲው ሞላ። ሦስት ጊዜ ተጠቀጠቀ። ቦዩ እስከ ውጭው በር ደርሷል፤ ውሃ አፍስሰን አየነው፣ ሮጦ ወጣ።

አባባ ክፍላቸው ውስጥ አራት እርምጃ። እጃቸው ተፈቷል። እግራቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

መስከረም 12

ሞላልኝ ቦዩን ሲያስተካክል ከተቆለለው ጥቁር አፈር ውስጥ የሱቁን ቁልፍ አገኘው። ዝጓል፣ ጓል ይዞታል። ለአባባ ወስጄ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ይፈቀፍቁ ጀመር።

"ይህ የየት ነው?"

"የሱቁ።"

"የቤታችን መስሎኝ።"

"የቤታችንንማ ለገዢው አስረከብኩት።"

የተናገርኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ውጭ የሞላልኝ አካፋ ድንጋይ ሲመታ ይሰማል። አባባ መፈቅፈቃቸውን አልተዉም።

"መንገድ የለም አባባ። በሰጡኝ ውክልና ሸጥኩት። ሱቁ እንዳይዘጋ ብዬ። ሕንፃ ሊሠሩበት ነው።"

"ጥር ላይ አውቄዋለሁ። ዕቃ ስንጭን አንድ ሰው መጥቶ እጄን ሳመኝ፣ 'ሐጂ፣ ይባርኩልኝ' አለኝ። መንገድ እጅ አይስምም።"

"ታዲያ በየቀኑ ለምን ይጠይቁኝ ነበር?"

"እውነቱ ጋ እንድትደርስ ነዋ።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አፉ ብለው ይቅር ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር፤ አላሉም። ቆይተው፣ "ኮኩስ?" አሉ።

"በረመዳን ቆረጡት።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ብርሃኑ መለሱ። "በእሱ ነው የተቀየምኩህ። ቤት ይሸጣል። እኔም የአባቴን ሸጫለሁ። ግን ዛፉን ሳልሰናበተው... አንዴ ግንዱን በነካሁት።"

ያን ያልበሰለ ፍሬ ለምን ጣልኩት? ኪሴ ውስጥ ነበር።

መስከረም 20

ፕላስቲኩን መልሰን አነጠፍነው፣ አባባ ራሳቸው ይሁን ስላሉ። "አሁን ስሙ ይታወቅ እንጂ ምንጣፍ ጠልቼ አላውቅም" አሉ። ግንቡ ጥግ ያለው ሰርዶ ግን ሳይሸፈን ቀረ። ሞላልኝ የመጨረሻውን ጠርዝ ሊያጣብቅ ሲል፣ "እዚያ ጋ ተወው፣ ይተንፍስ" አሉት። የማስቲሹን ክዳን ዘጋሁት።

ዛሬ ሰባት እርምጃ።

መስከረም 24

አረፋ። አሥራ ሦስት። በግ ሲታረድ እትዬ ሰርካዲስ ከሩቅ፣ "ደሙን ሳሩ ላይ እንዳታደርጉት፣ የሚያጥበው ሀምዲን ነው!" ብላ አባባን አሳቀቻቸው። ረሂማ አሞኛል ብላ አልመጣችም።

መስከረም 27

ዛሬ ሱቅ ልሄድ ስነሣ አባባ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። "ትከሻህን አልፈልግም" አሉ።

ከጎናቸው ሄድኩ፣ ሳልነካቸው። ምንጣፉ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ዝናብ ሌሊት ጥሎ ነበር፣ አንድም ቦታ አልተነሣም። አሥራ አራተኛው ላይ ቆሙ። የሚወድቁ መሰለኝ። አልወደቁም። ግንቡ ጋ ሲደርሱ ፕላስቲኩ አልቆ እግራቸው አፈሩን ነካ፤ ጣቶቻቸው ተከፈቱ። ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ሲነቀል ድምፁን ሰማሁት።

መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን ዘጉልኝ።

ሐረጎን በሙሉ እጄን አልከፈትኩም። ፒያሳ ስደርስ ረሂማ ሱቁ በር ላይ ቆማለች፤ አባባ ዛሬ ማለዳ አስደውለው ሂጂና ጠብቂው ብለዋት ነው፣ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም። "እንዴት ነህ" ብላ እጇን ሻሿ ሥር ልታስገባ ስትል መዳፌን ከፈትኩት።

ሰርዶው ላቤን ጠጥቶ ነበር፣ ሥሩ ላይ ጥቁር ዋልካ ይዞ።

ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ መዳፌ ላይ፣ ከሳሩ ላይ አሳረፈችው።

"ራሳቸው ነቀሉት?"

"ራሳቸው።"

"ስንት እርምጃ?"

"ሃያ ሁለት" አልኳት። "መሃል ላይ አንዴ ቆመዋል።"